ትል አርብቶ ኩሱን መሰብሰብ፦ ከመደቡ እስከ ወንፊቱ

ትል ማርባት የጀመረ ሰው ትሎቹን በረሃብ ሲጨርስ አላየሁም። የሚጨርሳቸው በቸርነት ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን መደብ ባዘጋጀሁበት ሳምንት "ይጥገቡ" ብዬ ትኩስ እበት በአካፋ እየዛቅሁ ጫንኩባቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሸፈንኩበትን ጆንያ ስገልጥ ግማሾቹ የሳጥኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው፣ የቀሩት ከታች ሞተው ጠበቁኝ። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ገና እሳቱ የወጣለት አመድ ይመስል ይሞቃል። እበት ሲበሰብስ እንደሚግል አውቅ ነበር፤ ትሉ ከዚያ ግለት መሸሻ እንደሌለው ግን አላሰብኩም። ከዚያ ወዲህ መደቡን በእጄ ሳልዳስስ አንዲት ጭብጥ ምግብ አልጨምርም።

ከዚህ በታች ያለው፣ ትል አርብቶ ኩሱን ለማዳበሪያ የመሰብሰብ መመሪያ፣ 1 ሜትር በ2 ሜትር ለሆነ አንድ መደብ ነው። ለአነስተኛ እርሻ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ከዚህ በላይ አድርጎ የሚጀምር ሰው ስህተቱንም በዚያው ልክ አብዝቶ ይጀምራል።

ትሉን መምረጥ

አፈር ስንቆፍር የምናገኘው ግራጫማው ትል ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ ወደ ጥልቅ እየማሰ በአፈር ውስጥ የሚኖር ነው፤ ሳጥን ውስጥ ቢገባ ወይ ያመልጣል ወይ ይሞታል። የምንፈልገው በተከመረ ፍግና በበሰበሰ ቅጠል ውስጥ፣ ከላይ ከላይ የሚኖረውን ቀይ ትል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አይሴኒያ ፌቲዳ ነው። መልኩ ቀላ ያለ፣ በቀለበቶቹ መካከል ቢጫማ መስመር ያለው፣ የጅራቱ ጫፍ ነጣ ያለ ነው። ሲነኩት የሚሸት ቢጫ ፈሳሽ ያወጣል፤ "ፌቲዳ" የሚለው የላቲን ቃልም "የሚሸት" ማለት ነው። አካባቢያቸው ዓመቱን ሙሉ ሞቃት ለሆነ ሰዎች ዩድሪለስ ዩጂኒየ የተባለው ትልቁ የአፍሪካ ትልም ይሆናል፤ ብርድ ግን አይችልም።

ለዚህ መደብ 2 ኪሎ ትል ጥሩ መነሻ ነው። 1 ኪሎ ውስጥ እንደ ትሎቹ መጠን ከ1,000 እስከ 2,000 ይገኛሉ። ስትገዙ ትልልቁን ብቻ ለቅሞ የሚሰጣችሁን ሻጭ እንደ ደግ አትቁጠሩት። ትልልቆቹ ቦታ ሲቀየርባቸው ይጎዳሉ፤ ትንንሾቹና እንቁላሎቹ ግን የሚፈለፈሉበትን ቤት ቶሎ ይለምዳሉ። ስለዚህ ከነጉዝጓዛቸው፣ ትልቅ ትንሹ ተደባልቆ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ጠባዩ ጥቂት

ትል ሳንባ የለውም፣ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ ታፍኖ ይሞታል፤ መደቡ በውኃ ከተሞላና አየር ካጣም እንዲሁ። ጥርስም የለውም፤ እንደ ዶሮ ያለ መፍጫ ስላለው ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ወይም የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ያስፈልገዋል። የሚመገበውም የበሰበሰውን ነገርና በላዩ ያሉትን ጥቃቅን ተሕዋስያን ስለሆነ፣ ያልበሰበሰ ምግብ ብትሰጡት እስኪበሰብስ ይጠብቃል።

እያንዳንዱ ትል ወንድም ሴትም ነው፤ ለመራባት ግን ሁለት መገናኘት አለባቸው። የደረሰ ትል አንገቱ አካባቢ እንደ ኮርቻ ያበጠ ቀለበት ይታይበታል። እንቁላሉን የሚጥለው የሎሚ ቅርጽ ባላት፣ ከስንዴ ፍሬ ባነሰች ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቷ መጀመሪያ ቢጫ ናት፤ ለመፈልፈል ስትቃረብ ወደ ቀይ ቡናማ ትለወጣለች። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ከአንዷ ከ2 እስከ 5 ትንንሽ ትሎች ይወጣሉ፤ እነሱም በ2 ወር ገደማ ለመራባት ይደርሳሉ። መደቡ ከተመቻቸው ቁጥራቸው በ2 ወይም በ3 ወር እጥፍ ይሆናል። አንድ ትል ለሁለት ሲቆረጥ ሁለት ትል ይሆናል የሚባለው ግን ተረት ነው፤ በአካፋ የቆረጣችሁትን ገድላችሁታል።

ቦታውና ሳጥኑ

ቀኑን ሙሉ ጥላ ያለበት፣ ጎርፍ የማያገኘው፣ ውኃ የሚቀርብበት ቦታ ምረጡ። መደቡ በየቀኑ በምታልፉበት መንገድ ዳር ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከዓይን የራቀ መደብ ይረሳል። ቀይ ትል የሚመቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከ30 በላይ ሲሆን ይጨነቃል፤ 35 ሲደርስ መሞት ይጀምራል።

ሳጥኑን ከእንጨት፣ ከጡብ ወይም ከብሎኬት መሥራት ይቻላል። ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ትሉ ከላይ ከላይ ስለሚኖር ጥልቀት ብትጨምሩለት ከታች የሚታፈን ግማት ታተርፋላችሁ። እንጨቱ ፀረ ምስጥ መድኃኒት የተቀባ አይሁን። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ወደ አንድ ጎን በትንሹ ዘቅዘቅ አድርጋችሁ መውረጃ ቀዳዳ ተዉለት፤ አፈር ከሆነ ፍልፈልና አይጥ እንዳይገቡ ደቃቅ የሽቦ ወንፊት አንጥፉ። በእግር የቆመ ሳጥን ላላችሁ ለጉንዳን መላው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን እግር ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙት።

ክዳኑ የተነከረ ጆንያ ወይም ካርቶን ይሁን። ላስቲክ አየር ስለሚከለክል በቀጥታ አታልብሱበት። ዶሮ የሚለቀቅበት ግቢ ከሆነ ከጆንያው በላይ የሽቦ ክዳን የግድ ነው። ዶሮ መደቡን አንድ ቀን ካገኘችው ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ጉዝጓዙ

ጉዝጓዝ ትሉ የሚተኛበትና ምግቡ ሳይመቸው ሲቀር የሚሸሽበት ነው። የተቆራረጠ ካርቶን፣ የተቀደደ ጋዜጣ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ጭድ ወይም ያረጀ የከብት እበት ይሆናል። እኔ ካርቶንና ያረጀ እበት እኩል በእኩል መቀላቀል እወዳለሁ፤ ካርቶኑ ውኃ ይይዛል፣ እበቱ ሕይወት ይዞ ይመጣል። የሚያብለጨልጭ የታተመ ወረቀትና ፕላስቲክ ያለበት ካርቶን ይቅር።

ለአንድ ሌሊት በውኃ ነክራችሁ በማግስቱ ጨምቃችሁ አውጡት። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ሳታጨናንቁ በትኑ። ሁለት ጭብጥ ያህል የአትክልት አፈር ጣሉበት፤ መፍጫውን የሚያግዘው ደቃቅ አሸዋና የመጀመሪያዎቹ ተሕዋስያን ከዚያ ይገኛሉ። እንዲህ ካዘጋጃችሁት በኋላ ለአንድ ሳምንት ባዶውን ተዉት። የሚግል ከሆነ በዚያው ሳምንት ይታወቃል።

ምግቡን ማብረድ

ብዙ መደብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ አትቸኩሉ።

ትኩስ እበት፣ ፋንድያ፣ በጠጥ፣ አረንጓዴ ሣር ሲከመር ይግላል፤ ክምሩ ትልቅ ከሆነ ከ55 ዲግሪ ያልፋል። ያንን ሙቀት ከመደቡ ውጭ ይጨርስ። እበቱን ከጭድ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር ቀላቅሉት፤ በስፍር አንድ እጅ እበት ለሁለት እጅ ደረቅ ነገር ቢሆን ይሠራል። አርጥባችሁ ከሳጥኑ ርቆ ከምሩት፤ በ3 ወይም በ4 ቀን አንዴ በመንሽ ገልብጡት። ከ2 እስከ 3 ሳምንት በኋላ ገልብጣችሁትም እንደገና ካልሞቀ ደርሷል። ይህ ቆይታ ሌላም ጥቅም አለው፦ ትል ሙቀት ስለማያመነጭ የአረም ዘርንና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንደ ጋለ ክምር አይገድልም። የአረሙ ዘር የሚሞተው በዚህ ደረጃ ነው፤ ክምሩ ከዳር ወደ መሐል በደንብ ሲገለበጥ።

የዶሮ ኩስ አሞኒያው (አፍንጫ የሚቆጠቁጠው ጋዝ) እና ጨውነቱ ትሉን ያቃጥላል። ረጅም ጊዜ በስብሶ፣ ከብዙ ጭድ ጋር ተደባልቆ በትንሹ ካልሆነ አልመክርም። የጥገኛ ትል መድኃኒት በቅርቡ የወሰደ እንስሳ እበትም ይቅርባችሁ፤ እንደ አይቨርሜክቲን ያለው መድኃኒት በእበት ውስጥ ለሳምንታት ይወጣል። ፀረ አረም የተረጨ ሣር የበላ እንስሳ እበት ደግሞ ትሉን ባይገድልም፣ አንዳንዱ መድኃኒት ሳይፈርስ ኩሱ ውስጥ ቀርቶ ባቄላና ቲማቲም ያጨማድዳል።

ከወጥ ቤት የሚወጣው የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል ጥሩ ምግብ ነው። ሥጋ፣ ወተት ነክ ነገር፣ ዘይትና ጨው ያለበት የበሰለ ምግብ አይገባም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ በብዛት አይወዱም።

ምግቡን ካላመናችሁት እንዲህ ፈትሹት፦ የተበሳ ጣሳ ውስጥ ሁለት ጭብጥ ጨምሩ፣ 20 ትል ቆጥራችሁ ልቀቁበት፣ በጨርቅ ሸፍናችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ሁሉም ውስጡ ገብተው ከተንቀሳቀሱ ለመደቡ ይሆናል። ዳር ላይ ከተንጠለጠሉ ወይም ከሞቱ ክምሩን ለተጨማሪ ሳምንት ተዉት። 20 ትል ማጣት 2 ኪሎ ከማጣት ይሻላል።

ማስገባት

አመሻሽ ላይ ትሎቹን ከነመጡበት ጉዝጓዝ በመደቡ ላይ በስሱ ዘርጉ። አትቅበሯቸው፤ ብርሃን ስለሚጠሉ ራሳቸው ይገባሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ላይ የቀሩት የታመሙ ወይም የሞቱ ስለሆኑ ልቀሟቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ሌሊቶች ከላይ መብራት ብታበሩ መልካም ነው፤ አዲስ ቤት የገባ ትል በጨለማ የመኮብለል ልማድ አለው። ለ3 ቀን ምግብ አትስጡ፤ ጉዝጓዙ ራሱ ይበላል።

መመገብ

የተለመደው ስሌት ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ይበላል የሚል ነው። ስለዚህ 2 ኪሎ ትል በቀን 1 ኪሎ፣ በሳምንት 7 ኪሎ ገደማ። ይህ ግን ለተላመደ መደብ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ግማሹን፣ ማለትም በሳምንት ከ3 እስከ 4 ኪሎ ብቻ ስጡ። ከዚያ በኋላ ስሌቱን ትታችሁ መደቡን እመኑ፦ ያለፈው ምግብ ቅርጹ ካልጠፋ አዲስ አይጨመርም፤ የሳምንቱ ቀን ቢደርስም፣ ባልዲው ሞልቶ ቢጠብቅም።

ስትጨምሩ ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፣ መደቡንም ከዳር እስከ ዳር አታልብሱት። ከአንደኛው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሁልጊዜ ሳይመገብ ይቅር። ምግቡ ከጋለ ወይም ከመረዘ ትሎቹ ወደዚያ ይሸሻሉ፣ እናንተም ጠዋት ስትገልጡት እዚያ ተከማችተው ስታዩ ነገሩ ይገባችኋል። በመጀመሪያው መደቤ ላይ ይህችን ጫፍ ትቼ ቢሆን ኖሮ ግማሾቹ በተረፉ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጭብጥ በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በትኑ፤ መደቡ እንዳይኮመጥጥም ይረዳል። ግድግዳ የሚቀባውን ኖራ ግን በምንም ምክንያት አታስገቡ፣ ያቃጥላቸዋል።

እርጥበቱን በእጅ ነው የምንለካው። ከመደቡ መሐል አንድ ጭብጥ አንስታችሁ አጥብቃችሁ ጨምቁ። በጣቶች መካከል ሁለት ሦስት ጠብታ ከታየ ልክ ነው። ምንም ካልወጣ ደርቋል፣ ከወረደ በዝቷል። ውኃውን በማጠጫ በስሱ ርጩ፤ በባልዲ አትድፉ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ከሸተተ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። መደቡን እንደ ክምር መገልበጥ አያስፈልግም፤ ማሳለሱንና አየር ማስገባቱን ትሎቹ ራሳቸው ይሠሩታል። የተጨናነቀ ቦታ ካለ በመንሽ ቀስ ብላችሁ ከፍ ከፍ ማድረግ ይበቃል።

ሲበላሽ

መጥፎ ሽታ ማለት አየር ጠፍቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ምግብ በዝቷል። የበዛውን አንሱ፣ ደረቅ የተቀደደ ካርቶን ቀላቅሉ፣ ለሳምንት መመገብ አቁሙ። አፍንጫ የሚቆጠቁጥ የአሞኒያ ሽታ ከሆነ ፍጉ ገና ትኩስ ነበር።

የትሉ ሰውነት እንደ ዶቃ እየተቋጠረ ካበጠ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ምግብ ሆዱ ውስጥ እየፈላ ነው። ያ ትል አይድንም፤ የቀሩትን ለማትረፍ ግን ምግቡን ዛሬውኑ አውጥታችሁ አዲስ እርጥብ ጉዝጓዝ ስጧቸው። ጉንዳን ከገባ መደቡ ደርቋል፤ ውኃ መጨመር ብቻውን ብዙ ጊዜ ያስወጣዋል። ትንንሽ ዝንቦች ከበዙ ምግቡን በ5 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ ቅበሩት። መቶ እግር ካያችሁ አውጡት፣ ትል በል ነው።

ኩሱን መሰብሰብ

ከ3 እስከ 4 ወር በኋላ መደቡ ጥቁር ቡናማ፣ ፍርፍር ያለ ይሆናል፤ ሽታውም ዝናብ የጣለበት አፈር ነው። እስከዚያ 90 ኪሎ ያህል ምግብ ገብቶ ይሆናል፤ ኩስ ሆኖ የሚወጣው ከገባው ግማሽ ያህሉ ነው፣ የቀረው ውኃና አየር ሆኖ ሄዷል።

ችግሩ ኩሱ ውስጥ ትሎቹም አሉ። ለመለየት ሦስት መንገድ አለ፤ እኔ የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፣ ትሉ ራሱ ስለሚሠራው። ለ2 ሳምንት መመገብ አቁሙ። ከዚያ መደቡን በሙሉ በአካፋ ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ ግማሹን ሳጥን ባዶ አድርጉ። በባዶው ግማሽ አዲስ ጉዝጓዝና የበረደ ምግብ ሙሉ፤ ሁለቱ ክምሮች ይነካኩ። ከዚያ በኋላ ውኃና ምግብ ለአዲሱ ወገን ብቻ ነው። የተራበውና እየደረቀ የሚሄደው ወገን ትሎች በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ አብዛኞቹ ይሻገራሉ። የቀረውን ኩስ ታነሳላችሁ። በዚህ ቆይታ አብዛኛው እንቁላል ተፈልፍሎ ልጆቹም አብረው ተሻግረዋል፤ ሌሎቹ ሁለት መንገዶች ይህን ጥቅም አይሰጡም።

የቸኮለ ሰው በብርሃን ይለያቸዋል። ሸራ አንጥፉ፣ ኩሱን እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾጠጥ ሾጠጥ አድርጋችሁ በትንንሹ ከምሩ፣ ደማቅ ብርሃን ባለበት ግን ፀሐይ በማይመታው ቦታ 10 ደቂቃ ጠብቁ። ትሎቹ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ፤ እናንተ ከላይ ከላይ ትገፋላችሁ። እየደጋገማችሁ ስትሄዱ መጨረሻ ላይ የትል ኳስ ብቻ ይቀራል። ለአንድ ባልዲ ጥሩ ነው፤ ለ40 ኪሎ ግን ወገብ ይቆርጣል።

ሦስተኛው ወንፊት ነው፤ ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ። ኩሱ በጣም እርጥብ ከሆነ ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ትሉም ይቆስላል፤ ከ3 ቀን በፊት ውኃ አቁሙ። እንቁላሎቹ በ5 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ስለሚያልፉ የተነፋውን ኩስ ወዲያው አትጠቀሙበት። እርጥበቱን ጠብቃችሁ ለአንድ ወር አስቀምጡት፣ መሐሉ ላይ የበሰበሰ ልጣጭ የያዘ ቀዳዳ ያለው ከረጢት ቅበሩ። የተፈለፈሉት ከረጢቱ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አውጥታችሁ ወደ መደቡ መልሷቸው።

ማስቀመጥና መጠቀም

ኩሱ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ አየር በማያስገባ ላስቲክም አይታሰርም። ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያስገባ ጆንያ፣ ሲጨበጥ ተጣብቆ ሲነካ የሚፈረፈር እርጥበት ይዞ ይቀመጥ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያዝንበት ነገር፦ የትል ኩስ በናይትሮጅን ሀብታም አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ዩሪያ 46 በመቶ ነው። 45 ኪሎ ኩስ ማሳ ላይ ብትበትኑት የት እንደገባ አታውቁትም። ዋጋው ያለው ችግኝ ላይ ነው። ከችግኝ አፈሩ በስፍር ከ10 እስከ 20 በመቶው የትል ኩስ ይሁን፤ ከዚያ በላይ መጨመር አያተርፍም፣ ጨውነቱ ለጋ ሥር ሊጎዳም ይችላል። ስትተክሉ በየጉድጓዱ አንድ ጭብጥ፣ ለቆመ አትክልት ደግሞ በሥሩ ዙሪያ ሁለት ጭብጥ አድርጋችሁ በአፈር ሸፍኑት።

በፈሳሽ መልክ ለመጠቀም 1 ኪሎ ኩስ በጨርቅ ቋጥራችሁ 10 ሊትር ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ ቀኑን እያማሰላችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አውጥታችሁ በዚያው ቀን ሥሩ ላይ አፍስሱ። ከሳጥኑ ሥር የሚንጠባጠበው ጥቁር ውኃ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ያ በግማሽ የበሰበሰ ነገር እጣቢ ነው፤ በአሥር እጥፍ ውኃ አቅጥናችሁ ለዛፍና ለአበባ ስጡት፣ በጥሬው የሚበላ ቅጠል ላይ ግን አትርጩት። ብዙ የሚንጠባጠብ ከሆነም መደቡ ውኃ በዝቶበታል።

ከሁለተኛው ስብሰባ በኋላ ትሎቹ መደቡን ሞልተው ታገኟቸዋላችሁ። በ1 ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ሲደርሱ መራባታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያኔ መደቡን ለሁለት ከፍላችሁ ሁለተኛ ሳጥን አስጀምሩ። ትርፉን ለዶሮ መስጠት ይቻላል። ወደ ደን መልቀቅ ግን አይገባም፤ በሰሜን አሜሪካ ከውጭ የገቡ ትሎች የደኑን የቅጠል ምንጣፍ በልተው በሥሩ የሚበቅሉትን ዕፅዋት አመናምነዋል።